ማንቂያው ዝም ያለ ቀን፦ ሁለት እጅ በአንድ መዝገብ

ሐሙስ ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያኑ ኦገስት 14፣ 2003። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት፣ ፈርስት ኢነርጂ በተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሠራተኞቹ እንደወትሮው ስክሪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ የማንቂያ ሥርዓቱ ሥራ አቆመ። አልፈነዳም፣ አልጮኸም፣ "ተበላሽቻለሁ" የሚል ጽሑፍም አላወጣም። ዝም አለ። የማንቂያ ክፋቱ ደግሞ ይኼው ነው፤ ሞቶ ዝም ሲል እና ሁሉ ሰላም ሆኖ ዝም ሲል መልኩ አንድ ነው።

ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እዚህ ግን ባለቤቱ ራሱ ቤቱ መቃጠሉን አላወቀም። ከ9 ሰዓት ከ5 ጀምሮ የረገቡ ባለ 345 ሺህ ቮልት መስመሮች፣ በጊዜው ያልተቆረጡ ዛፎችን እየነኩ መውደቅ ጀመሩ። በ36 ደቂቃ ውስጥ ሦስት መስመር ጠፋ። ከውጭ ስልክ ይደወላል፤ ሠራተኞቹ ስክሪኑን ያያሉ፤ ስክሪኑ ሰላም ነው ይላል፤ እነሱም ስክሪኑን አመኑ። 10 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ግድም ሳሚስ ስታር የተባለው መስመር ሲወድቅ ነገሩ ከሰው እጅ ወጣ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ 265 የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ተከታትለው ቆሙ። ኒውዮርክ፣ ዲትሮይት፣ ክሊቭላንድ፣ በካናዳ በኩል ቶሮንቶ ጨለሙ። 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ። የምድር ውስጥ ባቡሮች ተሳፋሪ እንደያዙ ቆሙ፤ የኒውዮርክ ሕዝብ በብሩክሊን ድልድይ ላይ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመመ። የመስከረም 11ዱ ጥቃት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውምና የብዙው ሰው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ሽብር ነበር። በዚያው ሳምንት ብላስተር የሚባል የኮምፒውተር ቫይረስ ዓለምን እያመሰ ስለነበር ሌላው ደግሞ እሱን ጠረጠረ።

ሁለቱም አልነበሩም። የአሜሪካና የካናዳ የጋራ አጣሪ ቡድን በ2004 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን ለብዙ አካል አከፋፈለ፤ ያልተቆረጠ ዛፍ አለበት፣ የሥልጠና ጉድለት አለበት፣ የአካባቢው ተቆጣጣሪ ድርጅት ድክመት አለበት። የኤሌክትሪክ መረቡ በሶፍትዌር ብቻ አልወደቀም፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ማንቂያውን ዝም ያሰኘው ግን አንድ የፕሮግራም ስህተት ነበር። ሶፍትዌሩን የሠራው ጄኔራል ኤሌክትሪክ (ጂኢ) ሲሆን፣ ኤክስ ኤ 21 የተባለው ይህ ሥርዓት በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የተጻፈ ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ሚሊዮን ያህል የኮድ መስመር እየመረመሩ ሳምንታት ፈጀባቸው። ያገኙት ይህን ነው፦ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሥራዎች አንድ የጋራ የመረጃ መዋቅር ላይ በአንድ ቅጽበት የመጻፍ ፈቃድ አገኙ። መረጃው ተበላሸ፤ ማንቂያውን የሚያስተናግደው ፕሮግራም መውጫ የሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ቀረ። ያልተስተናገደው መልእክት ተጠራቅሞ ዋናውን ሰርቨር ጣለው። ተጠባባቂው ሰርቨር ሥራውን ተረከበ፤ የተረከበው ግን ያንኑ ክምር ስለነበር እሱም ከ13 ደቂቃ በኋላ ወደቀ።

ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ስህተት ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል፤ እሽቅድምድም እንደማለት ነው። ነገሩን በእቁብ መዝገብ ማየት ይቀላል። አንድ መዝገብ አለ፣ ሁለት ጸሐፊ አለ። መዝገቡ ላይ 5000 ብር ተጽፏል። አንዱ ጸሐፊ 5000 የሚለውን አነበበና የተቀበለውን 1000 በልቡ መደመር ጀመረ። እሱ እየደመረ ሳለ ሌላኛው መጥቶ ያንኑ 5000 አነበበ፤ እሱም በእጁ 1000 ይዟል። የመጀመሪያው 6000 ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውም በላዩ 6000 ብሎ ጻፈ። እቁቡ 7000 መሆን ሲገባው 6000 ሆነ። ማንም አልሰረቀም፤ በመደመርም የተሳሳተ የለም። ሁለቱ ጸሐፊዎች ለየብቻ ቢመረመሩ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ጥፋቱ ያለው በመካከላቸው፣ በመምጫቸው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ነገ ሲሞከር ላይደገም ይችላል።

መፍትሔው ለማንም ግልጽ ይመስላል፦ መዝገቡን በሳጥን ቆልፎ ቁልፉን አንድ ብቻ ማድረግ። ቁልፉን የያዘ ይጽፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ይህ ሐሳብ በኮምፒውተር ዓለም አዲስ አይደለም። ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ችግሩንና መፍትሔውን በ1965 በአንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥቶታል፤ በዚያው ዘመን ያቀረበውን መቆለፊያም ከባቡር መንገድ ምልክት ስም ወስዶ ሴማፎር ብሎታል። ታዲያ በ1965 የታወቀ ነገር በ2003 ኦሃዮን እንዴት ጣለ?

መልሱ ያለው ከዳይክስትራ ጽሑፍ በኋላ በመጡት ዓመታት፣ ሥራው በማን እና በማን መካከል እንደተከፋፈለ በሚናገረው ታሪክ ውስጥ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሰው ከጻፈው ጀምሮ ማሽኑ ላይ እስኪሠራ ድረስ በሁለት ትልልቅ እጆች ያልፋል። የመጀመሪያው ኮምፓይለር ነው፤ በሰው የተጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ትእዛዝ ይለውጣል። ሁለተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ የዚህ ወገን ናቸው። የተዘጋጀውን ፕሮግራም ተቀብሎ ፕሮሰሰሩ ላይ ተራ ይሰጠዋል፣ ጊዜው ሲያልቅ ያነሣዋል፣ ሌላውን ያስገባል። ኮምፓይለሩ ሥራውን የሚጨርሰው ፕሮግራሙ ሳይነሣ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚጀምረው ሲነሣ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት አይተያዩም።

በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ዩኒክስን ሲጀምሩ ይህ አለመተያየት ችግር አልነበረም። በዩኒክስ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል፤ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ የጎረቤቱን አይነካም። እያንዳንዱ በየቤቱ፣ በየመዝገቡ። ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራም አንድ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ እንዳለ አድርጎ ነው የሠራው። በቋንቋው ውስጥ "ሌላ ሰው ይህን ሊነካው ይችላል" የሚባል ነገር የለም። በ1989 የወጣው የሲ ይፋዊ ደረጃም ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም። ለምን ይናገራል? ቤቱ የአንድ ሰው ነው።

ግን የተለያየ ቤት ዋጋ አለው። ፕሮሰስ ሲፈጠር ከባድ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መረጃ ማሻገርም ጊዜ ይወስዳል። በ1980ዎቹ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማክ በተባለው ሥርዓታቸው ቤቱን ከሠራተኛው ለዩት። ቤቱ አንድ ይሁን፣ ሜሞሪው አንድ ይሁን፣ በውስጡ ግን ብዙ ሠራተኞች ጎን ለጎን ይሥሩ። እነዚህ ሠራተኞች ትሬድ ተባሉ፤ ቃሉ ክር ማለት ነው። በአንድ ጨርቅ ውስጥ እንደሚሄዱ ክሮች። ፈጣን ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ሁሉንም ነገር ይጋራሉ። "ሁሉንም ይጋራሉ" የሚለው ሐረግ ያኔ እንደ ምስጋና ይነገር ነበር።

ሐሳቡ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሶላሪስ ያዘው፤ በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ከመሠረቱ ክርን ይዞ መጣ፤ በ1995 ደግሞ ለዩኒክስ ዘመዶች ሁሉ የሚሆን የክር ደረጃ ጸደቀ፤ ፒትሬድስ ይባላል። ታሪኩ የተጣመመው እዚህ ላይ ነው። ክርን ወደ ፕሮግራም ለማምጣት ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ቋንቋውን ራሱን ማሻሻል፣ ማለትም ኮምፓይለሩ ክር የሚባል ነገር እንዳለ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያሠራው ኤዳ የተባለው ቋንቋ በ1983 ይህን አድርጎ ነበር። ሆኖም ኤዳ ከወታደራዊና ከአቪዬሽን ሥራ ውጭ ያለው ዓለም ብዙም አልተከተለውም፤ ከብዶታል ተባለ። ሁለተኛው መንገድ ቋንቋውን ሳይነኩ ክሩን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ከጎን ማስቀመጥ ነው፤ ፕሮግራመሩ ክር ሲያስፈልገው "ፍጠርልኝ" ብሎ ይጠራል፣ ጥሪው ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሄዳል። ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ የሄዱት በዚህ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የቆየውን ኮድ አያናጋም። ውጤቱ ግን እንግዳ ነገር ሆነ፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቤቱ ውስጥ አሥር ሠራተኛ እንዳለ ያውቃል፣ መዝገቡ የቱ እንደሆነ ግን አያውቅም። ኮምፓይለሩ መዝገቡን ገጽ በገጽ ያውቃል፣ ከአንድ በላይ ሠራተኛ እንዳለ ግን አልሰማም። በመካከል ያለው ክፍተት ለፕሮግራመሩ ተተወ።

ያስጠነቀቀ አልጠፋም። ጆን አውስተርሀውት የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1996 መጀመሪያ በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ ክር ለአብዛኛው ሥራ መጥፎ ሐሳብ ነው ብሎ ተናግሯል፤ የደረጃው ቀለም ገና ሳይደርቅ ማለት ነው። ንግግሩ በየመሥሪያ ቤቱ እየተጠቀሰ ኢንዱስትሪው መንገዱን ቀጠለ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተራ የሚሰጥበት መንገድ ራሱ ፕሮግራምን እንዴት እንደሚያናጋ ለማየት ማርስ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የናሳዋ ፓዝፋይንደር ጁላይ 4፣ 1997 ማርስ ላይ አረፈች። ዓለም ፎቶዎቿን በጉጉት ሲያይ ኮምፒውተሯ እየደጋገመ ራሱን አጥፍቶ ማስነሣት ጀመረ። በውስጧ ቪኤክስ ወርክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ማዕረግ ይሰጣል፣ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ይቀድማል። የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ሥራ ዝቅተኛ ማዕረግ ነበረው። አንድ የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ማዕረግ ያለው ሌላ ሥራ መጥቶ ተራውን ይነጥቀዋል። ቁልፉን ያልመለሰው ዝቅተኛ ሥራ ይታገዳል፤ ያንኑ ቁልፍ የሚፈልገው ከፍተኛው ሥራም በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ጌታው አሽከሩን እየጠበቀ፣ አሽከሩን ደግሞ መንገደኛ አግዶት እንደማለት። ጠባቂው ሰዓት ዋናው ሥራ መዘግየቱን አይቶ "አንድ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ ሁሉንም ያስነሣል። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው ቅጂ ችግሩን ደግመው ካገኙት በኋላ፣ ቁልፍ የያዘ ዝቅተኛ ሥራ የሚጠብቀውን ጌታ ማዕረግ ለጊዜው እንዲዋስ የሚያደርገውን አማራጭ ከምድር በላኩት ማስተካከያ አበሩት። አማራጩ በሥርዓቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ነበር፤ ተዘግቶ ነበር እንጂ። ዘዴው ከዚያ ሰባት ዓመት በፊት በሦስት ተመራማሪዎች ታትሞም ነበር።

በዚህ መሃል የክር ቁጥር እያደገ ሄደ። ሊኑክስ በ2003 ማብቂያ ባወጣው 2.6 በተባለው ትውልድ ክርን ከሥሩ አስተካክሎ አስገባ፤ በአንድ የታወቀ ሙከራ አንድ መቶ ሺህ ክር ለማስነሣት ቀድሞ 15 ደቂቃ ግድም ይፈጅ የነበረው በ2 ሰከንድ አለቀ። ሶላሪስም ብዙ ቀላል ክሮችን በጥቂት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክሮች ላይ እያፈራረቀ ያስሄድበት የነበረውን ውስብስብ ዘዴ ትቶ አንድ ለአንድ ወደሚባለው ገባ፦ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ክር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዘንድ የሚታወቅ አንድ ክር ይሆናል። (ይህ የተተወ ዘዴ ኋላ ይመለሳል።)

እስከዚህ ድረስ አንድ ነገር ችግሩን ሸፍኖት ነበር። አብዛኛው ኮምፒውተር አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበረው። መቶ ክር ቢኖርም በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አንዱ ነው፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ሊጋጩ የሚችሉት አንዱ እየደመረ ሳለ ተራው ቢነጠቅ ብቻ ነው፤ ይህም ይሆናል፣ ግን አልፎ አልፎ ነው። በሜይ 2004 ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰሩን ሥራ ሰረዘ። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ቺፑ ይግላል፤ ግለቱ ደግሞ ከአቅም በላይ ሆነ። አንዱን ማፍጠን ካልተቻለ ሁለት ማድረግ ነው ተባለና ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮች ገበያ ወጡ። ኸርብ ሳተር በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ የነፃው ምሳ ዘመን አበቃ ሲል የጻፈው ስለዚህ ነው፤ ፕሮግራመሮች ምንም ሳያደርጉ ኮዳቸው በየዓመቱ የሚፈጥንበት ጊዜ አለፈ። ከዚያ በኋላ ክሮቹ ተራ መጠበቅ ቀርቶ በእርግጥም በአንድ ቅጽበት፣ በተለያየ ኮር ላይ መሮጥ ጀመሩ። የተቀበረው ስህተት ሁሉ መውጫ በር ተከፈተለት።

በዚያው ዓመት፣ በ2005፣ በኤችፒ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ሃንስ ቦም በቺካጎ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ጥናት ርእሱ ራሱ ክስ ነው፦ ክርን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ከጎን ማስቀመጥ አይቻልም ይላል። ቦም ያሳየው፣ ፕሮግራመሩ አንዳች ሳይሳሳት፣ ቁልፉን በትክክል ቆልፎ በትክክል ከፍቶ እያለ፣ ኮምፓይለሩ ራሱ እሽቅድምድም ሊፈጥር እንደሚችል ነው።

እንዴት? ኮምፓይለር ቃል በቃል ተርጓሚ አይደለም፤ አሳማሪ ነው። ኮዱ እንዲፈጥን ቅደም ተከተል ይለውጣል፣ ደጋግሞ የሚነበበውን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በአጠገቡ ይይዛል። ወደ እቁቡ እንመለስ። ጸሐፊው "አንዳንዴ ሳጥኑን ቆልፈህ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍ፣ ክፈት፤ ይህን መቶ ጊዜ ድገም" ተብሎ ታዟል። ብልጡ ኮምፓይለር መቶ ጊዜ መዝገብ ድረስ ከመመላለስ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ መዳፉ ላይ ይደምርና መጨረሻ ላይ ይገለብጣል። ብቻውን ከሆነ ምንም አይጎድልም፤ ውጤቱ ያው ነው፣ ጊዜው ግን አጠረ። ብቻውን ካልሆነስ? መዳፉ ላይ ያለውን የገለበጠው ሳጥኑ ባልተቆለፈበት ሰዓት ከሆነ ሌላው የጻፈው ይጠፋል። ሁለተኛው የቦም ምሳሌ ይብሳል። በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሁለት ሰው መዝገብ አለ፤ አንዱ የአበበ፣ አንዱ የከበደ፣ እያንዳንዱም የራሱ ቁልፍ አለው። ኮምፓይለሩ የአበበን መስመር ለመለወጥ ገጹን በሙሉ አንሥቶ፣ አንዷን መስመር ለውጦ፣ ገጹን በሙሉ ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት ከበደ የጻፈው ከነቁልፉ ተደመሰሰ። አበበ የከበደን መስመር ሊነካ አላሰበም። በኮዱ ውስጥም እንዲህ የሚል መስመር የለም።

የ1995ቱ ደረጃ ፕሮግራመሮች የጋራ ነገርን ያለ ቁልፍ እንዳይነኩ ያዝዛል፤ ኮምፓይለሩ ምን ማድረግ እንደሌለበት ግን በጥብቅ አልደነገገም። ጥሩ ዳኛ ባለበት አገር ሕግ ለተከራካሪው ብቻ ወጥቶ ለጸሐፊው ሳይወጣ እንደመቅረት ነው። ብዙ ኮምፓይለሮች በልማድ ይጠነቀቁ ስለነበር አደጋው በየቀኑ አልታየም። ልማድ ግን ሕግ አይደለም፤ አዲስ የማሳመሪያ ዘዴ በመጣ ቁጥር ልማዱ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ቋንቋው ክርን ካወቀ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ማለት ይቀናል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጃቫ ከ1996 ጀምሮ ክርን በቋንቋው ውስጥ ይዞ ወጥቷል፣ ሕግም ጽፎለታል። ዊልያም ፑ የተባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ግን ያ ሕግ ራሱ የተሰበረ መሆኑን አሳየ፤ ተሻሽሎ የጸደቀው በ2004 ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ሊም በ2006 ከራሱ ቡድን የደረሰውን ጽፏል። በ2000 በጃቫ የሠሩት ፕሮግራም በባልደረቦች ተመርምሯል፣ እያንዳንዱ መስመር በሙከራ ተፈትኗል፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። በአፕሪል 26፣ 2004፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሁለት ክሮች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ ተያይዘው ቆሙ። ሙከራ የዚህን ስህተት አለመኖር አያረጋግጥም፤ ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜ ጸሐፊዎቹ በሚጋጩበት ቅደም ተከተል ካልመጡ ስህተቱ ይተኛል።

የቦም ክስ ግን ፍሬ አፈራ። እሱ ራሱ በተሳተፈበት ረጅም ሥራ በ2011 ሲ ፕላስ ፕላስ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ሲ፣ ክር መኖሩን በይፋ ተቀበሉ። አዲሱ ሕግ ለሁለቱም ወገን ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ያልጻፈውን ቦታ በራሱ ፈቃድ መጻፍ ተከለከለ፤ የከበደ መስመር ተጠበቀ። ፕሮግራመሩ ደግሞ የጋራ መረጃን ያለ ቁልፍ ካስነካ ፕሮግራሙ ምንም ዋስትና የለውም፤ ማሽኑ ምን ቢያደርግ ትክክል ነው ተባለ። ከባድ ፍርድ ነው። ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለውን ጥፋት ሲያይ ፕሮግራሙን አልቀበልም የማለት ግዴታም አልተጣለበትም። ሕጉ መጣ እንጂ ፖሊስ አልተመደበም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ጎግል ውስጥ በ2007 ተጀምሮ በ2009 ይፋ የሆነውን ጎ የተባለ ቋንቋ ከፈጠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ኬን ቶምፕሰን ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት ዩኒክስን የጀመረው ያው ሰው። ጎ ሶላሪስ የተወውን ዘዴ አነሣው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክር ውድ ነው፤ በተለመደ ሊኑክስ ላይ ለእያንዳንዱ ክር 8 ሜጋ ባይት የአድራሻ ቦታ ይያዛል። የጎ ቀላል ክር ግን በ2 ኪሎ ባይት ይነሣል፤ መቶ ሺህ ቢነሣ ማሽኑ አይደነግጥም። ብዙዎቹ በጥቂት እውነተኛ ክሮች ላይ ይፈራረቃሉ። ሶላሪስ ያልቻለውን ጎ የቻለው አንዱ ምክንያት፣ ኮምፓይለሩ በዚህ ጊዜ የሴራው አካል ስለሆነ ነው፤ ክር ቦታ ሲጠበው የሚያሰፋለትን ፍተሻ ኮዱ ውስጥ ራሱ ያስገባል። ሆኖም ተራ ማስለቀቁ ለዓመታት ጎዶሎ ነበር። ሌላ ተግባር የማይጠራ ጠባብ ዙር ውስጥ የገባ ክር ሊነሣ አይችልም ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ2020 ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሚልከው ምልክት ጭምር በመታገዝ ነው። ጃቫም በ2023 ወደዚሁ ዘዴ ተመልሷል። ጎ በመዝገቡ ላይ ከመሻማት መልእክት መላላክን ይመክራል፤ ምክር ነው ግን፣ ሁለት እጅ በአንድ መዝገብ ላይ እንዳይገባ አይከለክልም።

ሌላው መንገድ ሩስት ነው፤ ሞዚላ ውስጥ አድጎ 1.0 የተባለው ስሪቱ በሜይ 2015 ወጣ። ሩስት ቀላል ክሮችን ሞክሮ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተዋቸውና ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክር ተመለሰ። ለውጥ ያመጣው በሌላ ቦታ ነው። በሩስት እያንዳንዱ መረጃ ባለቤት አለው፤ አንድ ጸሐፊ ወይም ብዙ አንባቢ ይፈቀዳል፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይፈቀዱም። ይህን የሚፈትሸው ኮምፓይለሩ ነው፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ። በሁለት ክር መካከል ያለ ቁልፍ የተጣለ መዝገብ ካየ ኮዱን አልተረጉምም ይላል። ጀማሪ ፕሮግራመሮች ከኮምፓይለሩ ጋር ጠብ ውስጥ ገባን ብለው የሚያማርሩት ለዚህ ነው። ሩስትም ቢሆን ክሮች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ እንዳይቆሙ አይከላከልም፤ ፕሮግራመሩ "ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ብሎ ምልክት ባደረገበት ቦታም ዝም ይላል። የተለያዩ ፕሮሰሶች በጋራ የሚነኩትን ሜሞሪ ደግሞ አያየውም፤ የኦሃዮዎቹ ሁለት ሥራዎች የተጋጩት እንደዚያ ባለ ቦታ ነበር።

ጂኢ ያንን ስህተት የያዘው ሥርዓቱን ሆን ብሎ በማዘግየት ነው። መሐንዲሶቹ በየቦታው መዘግየት እያስገቡ፣ ሁለቱ እጆች የሚጋጩበትን የሚሊሰከንድ ክፍተት አስፍተው፣ የማንቂያው ፕሮግራም በዓይናቸው ፊት እንዲወድቅ አደረጉት። ሥርዓቱ ከዚያ ቀን በፊት በልዩ ልዩ ደንበኞች ዘንድ በድምሩ ከሦስት ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ያ ክፍተት አንድም ጊዜ እንዳልተነካ ኩባንያው ተናግሯል። ማስተካከያው በዚያው ዓመት በ2003 መጨረሻ ግድም ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ተሰራጨ። ሥርዓቱ የተጻፈበት ቋንቋ አንድን መዝገብ ከአንድ በላይ እጅ ሊነካው እንደሚችል በይፋ ያመነው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው።